ምጽዋት ወይስ ዕዳ?



በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በእጁ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወንድማችን ሥራው ሊወድቅበት ሲል፣ በዙሪያው ያለን ሰዎች ምን ልናደርግለት ይገባል? መልሱ በሁላችንም አፍ ላይ ነው፤ «እንርዳው» እንላለን። ነገር ግን መርዳት በምንለው በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ተደባልቀው ይኖራሉ። አንደኛው ከእኛ ተርፎ የምንሰጠው ነው። ሁለተኛው ቀድሞውንም የእርሱ የሆነውንና በእጃችን የቆየውን መመለስ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይተን ባለማወቃችን አንድን ሰው ልንጥለው ደርሰን ነበር። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ስለ ሆነ አስቀድመን ጥፋታችንን መናገር ይኖርብናል።

አሁን በአዳራሻችን የምንቀመጥባቸውን 24 አግዳሚ ወንበሮች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የሠራቸው ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራው፣ ከደብራችን አጥር በታች በተከራያት የቆርቆሮ ክፍል ከአንድ ረዳቱ ጋር የሚሠራው አናጢ ነው። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ሥራውን ስንሰጠው ለአንዱ ወንበር 4,500 ብር ጠየቀን። እኛም እንደ ልማዳችን «ጋሼ፣ ለቤተ ክርስቲያን እኮ ነው» አልነው። ዝም አለ። ደግመን አልነው። በመጨረሻ በ3,600 ብር ተስማማን፤ ከዚያም ወጥተን በመንገድ ላይ እርስ በርሳችን «ጥሩ ተከራከርን» ተባባልን። ይህን ቃል ዛሬ ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

ከጠቅላላው 86,400 ብር ውስጥ ቀብድ ብለን የሰጠነው 20,000 ብር ብቻ ነበር። ቀሪውን ወንበሮቹን በተረከብን ቀን ልንከፍል ቃል ገባን። ጋሼ በሰኔ መጨረሻ ወንበሮቹን አስረከበን፤ ቫርኒሻቸው ሳይቀር ደርቆ ነበር። እኛ ግን ያን ቀን የከፈልነው ምስጋና ብቻ ነው። የክረምቱ ጉባኤ ወጪ አለ ተባለ፤ ቀጥሎ የዘመን መለወጫ መጣ። በመስከረም 20,000 ብር፣ በኅዳር 15,400 ብር ሰጠነው። በዚህ መካከል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አድርጎ ስለ ነበር ከውጭ የሚመጣው ኮላና ቫርኒሽ፣ ማጠፊያና የመጋዝ ስለት ሁሉ ዋጋው ተለወጠ። በሰኔ ሊከፈለው የሚገባው ብርና በኅዳር የተከፈለው ብር በቁጥር አንድ ቢሆኑም በዕቃ አንድ አልነበሩም። በጥር ወር ጋሼ የመላጊያ ማሽኑን ሸጦ የቤት ኪራይ እንደ ከፈለና ክፍሏንም ሊለቅ እንደ ሆነ ሰማን። በዚያን ጊዜ በእኛ ላይ 31,000 ብር ነበረው።

ታዲያ ምን ያደረግን ይመስላችኋል? እጅግ አዘንን። ከጉባኤ በኋላ ባርኔጣ አዞርን፤ አባላቱም እንደ አቅማቸው ሰጡና 9,300 ብር ተሰበሰበ። አራት ሆነን ቤቱ ድረስ ሄድን። ባለቤቱ ቡና አፈላችልን። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጥ ጋሼ ከፈተውና ቆጠረው፤ መልሶም አጠፈው። «ልጆች፣ ይህ የየትኛው ወንበር ነው?» አለን። የወንበር ሳይሆን የእርዳታ እንደ ሆነ ነገርነው። «እንግዲያው መልሱት። እኔ የቸገረኝ ሰው ስላልሰጠኝ አይደለም፤ ሰው ስላልከፈለኝ ነው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቡናውን ጠጥተን ፖስታውን ይዘን ተመለስን። በመንገድ ላይ የተናገረ አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ የተነሣው ክርክር እስከ አሁን ከሰማናቸው ክርክሮች ሁሉ ረጅሙ ነበር። አንዱ ወገን «ገንዘቡ ያው ለእርሱ የተሰበሰበ ስለ ሆነ ከዕዳው ላይ እንቀንስበት» አለ። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ሆኖም ከሰጪዎቹ መካከል አንዲት ተማሪ ተነሥታ «እኔ ከምሳዬ ቀንሼ ለተቸገረ ሰው ሰጠሁ እንጂ ለእናንተ ዕዳ መክፈያ አልሰጠሁም» አለች። ይህን ስትል ነገሩ ሁሉ ተገለጠልን። በአንድ ፖስታ ውስጥ ምጽዋትና ዕዳ ቢቀላቀሉ ባለዕዳው መጽዋች መስሎ ይታያል፤ ገንዘቡን ያበደረው ሰው ደግሞ ለማኝ ይሆናል። ጋሼ ያልተቀበለው ይህን ነበር። ብሩን ለየሰጪው መለስን፤ የፈቀደ መልሶ ለዕዳው አዋጣ፤ ሌላውን ደግሞ ለመዝሙር ክፍሉ ልብስ ከተያዘው ላይ ወስደን በየካቲት 31,000 ብሩን ከፈልን። ልብሱ እስከ ዛሬ አልተሰፋም፤ የመዝሙር ክፍሉም አባላት ይህን አልረሱልንም።

የሠራተኛን ዋጋ ስለ ማቆየት መጻሕፍት የሚሉትን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለፈተናም ጽፈነዋል። የጌታችን አሳዳጊ ጻድቁ ዮሴፍ ጸራቢ እንደ ነበረ በየዓመቱ እንሰብካለን። ታዲያ በአጥራችን ሥር ያለውን ጸራቢ እንዴት ሳናየው ቀረን? አንዱ ምክንያት፣ ባለ እጅን ዝቅ አድርጎ የማየት አሮጌ ልማድ ከውስጣችን አለመውጣቱ ይመስለናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ በአፍ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ንቀቱ ግን በሒሳብ ውስጥ ተደብቆ ኖረ፤ ለሐኪም ሳንከራከር የምንከፍለውን ያህል ለአናጢ ስንከፍል የተታለልን ይመስለናል። ያውም በዩኒቨርሲቲ የምንማር ሰዎች!

«አናጢ እኮ ራሱ ቃሉን አይጠብቅም፤ ቀብድህን ተቀብሎ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ይልሃል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ነገር ግን ከጋሼ ጋር ተቀምጠን ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ስንጠይቅ ይህ «ነገ ና» ከየት እንደሚመነጭ ተረዳን። አናጢው ጥሪት የለውም። አልጋ ያዘዘው ሰው ትንሽ ቀብድ ይሰጠዋል፤ በዚያ ጣውላ ይገዛል፤ ኮላና ቫርኒሹን ግን አይችልም። ስለዚህ ቁም ሣጥን የሚያዝዝ ሌላ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ በእርሱ ቀብድ አልጋውን ይጨርሳል። አልጋ ያዘዘው ቀሪውን ወዲያው ከከፈለ ቁም ሣጥኑ ይጀመራል። ካልከፈለ ግን ቁም ሣጥን ያዘዘው ሰው «ነገ ና» ይባላል። መብራት ለሦስት ቀን ከጠፋ ወይም ማሽን ቤቱ ከተጨናነቀ ደግሞ ሁሉም ይቆማል። ሐሰት የተናገረው አናጢው ነው፤ ሐሰቱን የጀመረው ግን ቀሪውን ያልከፈለው የመጀመሪያው ሰው ነው። እኛ ያ የመጀመሪያው ሰው ነበርን። በእኛ ምክንያት «ነገ ና» የተባሉ ስንት ሰዎች እንደ ነበሩ ጋሼ አልነገረንም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ሕጉ ይህን ነገር በቁም ነገር እንደሚያየው ስናውቅ ተገረምን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድን የውል መኖር ማስረጃ ያደርገዋል። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሁለቱም ወገን ቃሉን በገንዘብ እንዲያስይዝ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማን በአንድ አልጋ ምክንያት ፍርድ ቤት ይሄዳል? ስለዚህ ከሕጉ በፊት የሚሠራ አንድ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም በሰዎች መካከል ያለ መተማመን ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ የገባነው እዚህ ላይ ነው። መተማመን በወዳጅነት ላይ ይቁም ወይስ በውል ላይ? ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፣ በስምንተኛው ክፍል፣ ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፤ በጥቅም፣ በደስታና በመልካምነት ላይ የቆመ ብሎ። ቅሬታና ክስ የሚበዛው በጥቅም ላይ በቆመው መሆኑን ካስረዳ በኋላ እርሱንም መልሶ ለሁለት ይለየዋል። አንደኛው በታወቀ ውል የተደረገ ነው፤ ይህን ያህል ሰጠሁ፣ ይህን ያህል እቀበላለሁ ማለት ነው። ሁለተኛው ለወዳጅ እንደሚሰጥ ሆኖ ሳይነጋገሩ የተደረገ፣ ነገር ግን ሰጪው በልቡ ምላሽ የሚጠብቅበት ነው። ጠቡ የሚከፋው በዚህ በሁለተኛው ነው፤ አንደኛው ሰው ንግድ ነበር ሲል ሌላው ስጦታ ነበር ይላልና። ይህን በክፍል ውስጥ ስንማር ለፈተና ብቻ ይጠቅማል ብለን ነበር። የጋሼን ወንበሮች ግን በትክክል ይገልጻቸዋል። ዋጋውን ሲቀንስ እኛ ለቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጠ ቆጠርን። እርሱ ግን አልሰጠም፤ ተገዶ ነው የቀነሰው። መስጠት ቢፈልግ ኖሮ ሙሉ ዋጋውን ተቀብሎ ከፈቀደው ላይ በገዛ እጁ በሙዳየ ምጽዋት ያስገባ ነበር። የስጦታውን መልካምነትም ቀማነው ማለት ነው።

ከአባሎቻችን መካከል የሒሳብ አያያዝ የሚማሩ ሁለት ወንድሞች ወጪውን ከጋሼ ጋር ሆነው አንድ በአንድ ጻፉት። ለአንድ ወንበር የፈረንጅ ጥድ ጣውላው፣ የማሽን ቤት ክፍያው፣ ኮላው፣ ብሎኑ፣ ሸካራ ወረቀቱ፣ ቫርኒሹና የጭነቱ ዋጋ ሲደመር 3,100 ብር ሆነ። የተረፈው 500 ብር ነው። በ24 ወንበር 12,000 ብር ይሆናል። ሥራው አንድ ወር ሙሉ ፈጅቷል፤ የዚያ ወር የክፍሏ ኪራይ 8,000 ብር ነበር። ለሁለት ሰው የአንድ ወር ልፋት የቀረው 4,000 ብር ነው። ጋሼ ራሱ ይህን ቁጥር ሲያይ ለጊዜው ዝም አለ፤ ከዚያም «እኔ እኮ ጉልበቴን ቆጥሬው አላውቅም» አለን። በመጀመሪያው ዋጋው ቢሆን ኖሮ ከኪራይ በኋላ 25,600 ብር ይተርፈው ነበር። በልዩነቱ ማሽኑ ባልተሸጠ።

ስለዚህ ነገር ስናነብ ከእኛ በፊት ሌሎች በዚሁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለፉ አገኘን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849፣ በጀርመን አገር ዴሊች በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሔርማን ሹልትሰ የተባለ የሕግ ሰው የከተማይቱን አናጢዎች ሰብስቦ እንጨት በኅብረት የሚገዙበትን ማኅበር አቋቋመ፤ ጫማ ሰፊዎችም በዚያው ዘመን እንደዚሁ አደረጉ። የፋብሪካ ዕቃ ገበያውን እየወሰደባቸው፣ ለየብቻቸውም በዱቤ ውድ እንጨት እየገዙ ይከስሩ ነበርና። በዓመቱ የብድር ማኅበር ጨመረበት። ይህ ማኅበር መጀመሪያ የቆመው ከደጋግ ባለጠጎች በተገኘ ገንዘብ ነበር። በጎረቤቷ በአይለንቡርግ የተቋቋመው ማኅበር ግን አባላቱ ራሳቸው ድርሻ እየከፈሉና አንዱ ለሌላው ዋስ እየሆነ ይሠራ ስለ ነበር ይበልጥ ጠነከረ። ሹልትሰም ይህን አይቶ በ1852 የራሱን ማኅበር በዚሁ ሥርዓት መልሶ አደራጀው። ልብ በሉ፤ ባለጠጎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ሆኖም ከላይ የሚወርድ ገንዘብ ተቀባዩን ለማንም ተጠያቂ አያደርገውም። ጎረቤትህ በአንተ ዋስ ሆኖ ሲፈርም ግን ሌሊት ያስነሣሃል።

እኛስ ይህን ለመማር ጀርመን መሄድ ያስፈልገናልን? ዕቁብን እንመልከት። ዕቁብ የሚጣለው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። ቢሆንም ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዳኛውና ጸሐፊው ዋስ አምጣ ሲሉት «አላመናችሁኝም» ብሎ የሚቆጣ የለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ፍቅርና ዋስትና እንደማይጣሉ ያውቁ ነበር። ዕድርም እንደዚሁ ነው፤ በሐዘን ቀን የሚመጣው ድንኳን በየወሩ የከፈልነው መዋጮ ፍሬ ስለ ሆነ ማንም አንገቱን ደፍቶ አይቀበለውም። እኛ የተማርን ነን ባዮቹ ግን ከወንድም ጋር ወረቀት መጻፍ ነውር ይመስለናል።

መደራጀት ብቻውን ግን አይበቃም። በደርግ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲታቀፉ ተደርጎ ነበር፤ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከማኅበራቱ ብዙዎቹ አብረው ፈረሱ፤ ከላይ የታሰረው ገመድ ከላይ ሲበጠስ ማለት ነው። ኋላም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ጥቃቅንና አነስተኛ በሚል ስም ወጣቶች ሲደራጁ፣ ለኮንዶሚኒየም ቤቶች በርና ለትምህርት ቤቶች ዴስክ የሠሩ የእንጨት ሥራ ማኅበራት ነበሩ። ለብዙዎች እንጀራ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ገዢው አንድ ብቻ የሆነበት ሰው ያ ገዢ ፊቱን ባዞረ ቀን የሚሄድበት የለውም። ብድርም ቢሆን እንደዚሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 እንደ ማሽን ያለ ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት ሊመዘገብ እንደሚችል ደንግጓል። ይህ ለአናጢ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማሽኑን እኛ ያሸጥነው ሰው ምን ያስመዘግባል?

እንግዲህ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የሆነውን በአጭሩ እንናገር። ጋሼ ሐሳቡን ያመጣው እርሱ ነው፤ እኛ ወንበር አዘጋጀን እንጂ አልመራንም። በአካባቢው ያሉ ሁለት ሌሎች አናጢዎች፣ የማሽን ቤቱ ባለቤትና አንድ የጣውላ ነጋዴ በአዳራሻችን፣ በእነዚያው ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ሦስቱ አናጢዎች ጣውላ በየግላቸው በቁጥር መግዛታቸውን ትተው በአንድ አይሱዙ በጋራ ሊያስመጡ ተስማሙ። ማሽን ቤቱ ክፍያውን በየሳምንቱ መጨረሻ ሊቀበል፣ ነጋዴውም እኩሌታውን ለአንድ ወር በዱቤ ሊሰጥ ፈቀዱ፤ ሦስቱ ግን አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነው ፈረሙ። ነጋዴው ዕቃ እንደ ሰጠ እንጂ እንደ መጸወተ አልተሰማውም፤ የሚተማመንባቸው ሦስት ደንበኞች አገኘ። እኛ የገባነው ቃል ትንሽ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱም ሆነ በእኛ በኩል የሚያዝዝ ማንኛውም ሰው ዋጋውን እኩሌታ በቅድሚያ፣ ቀሪውን በርክክብ ቀን ይከፍላል፤ ይህም በወረቀት ይሰፍራል። የሒሳብ ተማሪዎቹ የየትእዛዙን ቀብድ ለየብቻው የሚይዝ መዝገብ አዘጋጁ፤ የአልጋው ብር ለቁም ሣጥኑ እንዳይውል። አናጢውም የሚዘገይ ከሆነ ከቀኑ በፊት ለደንበኛው ይናገራል።

ሁሉ ነገር በሰላም ሄደ ብንላችሁ እንዋሻለን። በሁለተኛው ወር ከሦስቱ አንዱ የጣውላውን ዋጋ በቀኑ አልከፈለም፤ ዋሶቹ ከፈሉለት። የተባለውን ክፉ ቃል እዚህ አንጽፈውም። ከማኅበሩ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ከእኛም ብዙዎቻችን ደገፍነው። ጋሼ ግን መጀመሪያ ለምን እንደ ዘገየ ይጠየቅ አለ። ሲጠየቅ አንድ መሥሪያ ቤት የጠረጴዛ ዋጋ ለሦስት ወር ይዞበት ነበር። የእኛው ዓይነት ታሪክ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከፈለ፤ አሁንም አብሯቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ለየትኛው ደንበኛ በዱቤ መሥራት እንደሚገባ ሦስቱ ተመካክረው ይወስናሉ።

ከእኅቶቻችን አንዷ «ሁሉ ነገር በወረቀትና በዋስ ከሆነ ፍቅር የት ቀረ?» ብላ ጠይቃናለች። ጥያቄዋን ሙሉ በሙሉ የመለስነው አይመስለንም። አንድ ነገር ግን አይተናል። በሰኔ ወር የጋሼ ረዳት መጋዝ ጣቱን ጫፍ ቆረጠው። ለሁለት ወር ሊሠራ አልቻለም። በየትኛውም ወረቀት ላይ ይህ አልተጻፈም፤ መዝገቡም አይሸፍነውም። ያን ጊዜ እንደገና ባርኔጣ ዞረ፤ የማሽን ቤቱ ባለቤትም አዋጣ። ጋሼ ገንዘቡን ራሱ ይዞለት ሄደ፤ ልጁም ተቀበለ። የዚያን ቀን ማንም ያፈረ አልነበረም፤ በመካከላችን ያልተከፈለ ዕዳ ስላልነበረ ስጦታው ስጦታ ሆኖ ደረሰ። ምናልባት የእኅታችን መልስ በዚህ አካባቢ ይገኝ ይሆናል። ልጁ ቢሠራም ባይሠራም ሊከፈለው ይገባ ነበር የሚሉም አሉ፤ ይህ ሌላ ክርክር ነውና ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ይጻፍበት።

ሳንናገር ልናልፈው ያልወደድነው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰዎች ለጋሼ የዋንዛ ዕቃ ሥራልን ይሉታል፤ ዋንዛ መልኩ ያማረና ለሥራ የሚመች እንጨት ነውና። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ግን ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት የተፈጥሮ ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ሦስቱ አናጢዎች ከየት እንደ መጣ ያላወቁትን ዋንዛ አንገዛም ብለዋል። በዚህ ምክንያት የሄዱባቸው ደንበኞች አሉ። ከትርፋቸው ላይ ቆርጠው ያደረጉት ስለ ሆነ ከእኛ ብዙ ንግግር ይበልጣል።

ባለፈው ሳምንት የመቋሚያውና የጸናጽሉ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ለማዘዝ አምስት ሆነን ወደ ጋሼ ክፍል ወረድን። መላጊያ ማሽን ገና አልገዛም፤ በማሽን ቤቱ ነው የሚያስልገው። ልኩን በሜትር ለካ፣ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ በጣውላ ቁራጭ ላይ ደመረና 27,500 ብር አለን። ከመካከላችን አንዱ ከልማድ የተነሣ «ጋሼ፣ ለቤተ ክርስቲያን እኮ…» ብሎ ጀመረ። ጋሼ ቀና ብሎ አየውና «ለቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ነው ማጠፊያውን ከጥሩው ያደረግሁት» አለ። ረዳቱ በተጎዳው እጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። 13,750 ብር ቆጥረን ሰጠነው፤ ወረቀቱን ሁለታችንም ወገን ፈረምንበት። የሚረከብበት ቀን ለመስቀል ዋዜማ ነው፤ ቀሪው 13,750 ብርም ከአሁኑ በገንዘብ ያዣችን እጅ ለብቻው ታስሮ ተቀምጧል።